የተገለሉ እናቶችን ያስጠጉት ሐኪም፦ ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን

ከሞጣም ሆነ ከቢቸና ተነስታ ለሕክምና አዲስ አበባ ለምትሄድ እናት የዓባይን በረሃ መሻገር ግድ ነበር። በምጥ ብዙ ቀን ተሰቃይታ ልጇን ላጣችና ሽንቷን መቆጣጠር ላቃታት ሴት ደግሞ ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ ከሰው ጋር መሳፈሩ ይከብዳት ነበር። ሆስፒታል ከደረሰችም በኋላ ሌሎች ታካሚዎች በጠረኗ ምክንያት አጠገቧ መተኛትን ይጸየፋሉ።

ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን ይህን መገለል እንደ ቁስሉ ሁሉ መታከም ያለበት ሕመም አድርገው ተመለከቱት። እ.ኤ.አ. በ1908 በኒውዚላንድ የተወለዱት ሃምሊን፣ በአውስትራሊያ ሲድኒ የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኀላፊ ሆነው ሠርተዋል። ከባለቤታቸው ከዶክተር ካትሪን ሃምሊን ጋር በ1951 ዓ.ም አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነው። ውላቸው የሦስት ዓመት ብቻ ነበር።

ፊስቱላ በአገራቸው ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር ቀዶ ሕክምናውን ከሌሎች ጽሑፎች መማር ነበረባቸው። ከእነዚህም የካይሮው ሐኪም የናጊብ ማህፉዝ ሥራዎች ይገኙበታል፤ ዝነኛው ግብጻዊ ደራሲ ስሙን ያገኘው ከእኒሁ ሐኪም ነው።

ሕሙማኑ እየበዙ ሲመጡ ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ቦታ ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ። ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግስት፣ በ1967 ዓ.ም፣ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። ሕክምናው በነጻ ሲሆን የዳነች ሴት ወደ ቀዬዋ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ትለብስ ነበር። ቀሚሱ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ፣ ተሸማቅቃ ከመንደሯ ለወጣች ሴት ግን ትርጉሙ ትልቅ ነበር።

ከሁሉም የሚልቀው ግን የሠራተኞቹ ጉዳይ ነው። ከዳኑት መካከል የተወሰኑት በረዳት ነርስነት ሠልጥነው እዚያው ቀሩ። አዲስ ታካሚ በሯን ስታንኳኳ የሚቀበላት፣ የሚያጥባትና የሚያጽናናት በዚያው ሕመም ያለፈ ሰው ሆነ። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ከዶክተር ሬጅናልድ እጅ ቀዶ ሕክምና ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅን የወርቅ ሜዳሊያ ተጋርተዋል።

ዶክተር ሬጅናልድ በ1985 ዓ.ም አረፉ። ሥራውን ባለቤታቸው ቀጠሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር የሆስፒታሉ ቅርንጫፍ ማዕከል ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሞጣና የቢቸና እናት ዓባይን ተሻግራ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አይጠበቅባትም።