ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ፦ ሳያምን ከለላ የሆነው ሰው



በካምፓስ ዶርም ከምንጋራቸው፣ ላብራቶሪ አብረውን ከሚገቡ፣ ኖት ከሚያውሱን ልጆች መካከል ሃይማኖት የለኝም የሚሉ አሉ። ከእነሱም ውስጥ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ፈተና የማይኮርጅ፣ የታመመ ጓደኛውን ክሊኒክ ወስዶ ሲያስታምም የሚያድር ይገኛል። ያኔ ጥያቄ ይመጣል። በአላህ የማያምን፣ የምርመራውን ቀን የማይጠብቅ ሰው ይህን መልካምነት ከየት አመጣው? አንዳንዶቻችን ከጥያቄው ለማምለጥ መልካምነቱን እንክዳለን፤ ለማስመሰል ነው እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ያለ ኢማን ጥሩ ሰው መሆን ከተቻለ ኢማኑ ምን ይጨምራል ወደሚል ውስወሳ እንገባለን። በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ውስጥ ሁለቱንም አስተሳሰብ የሚያርም የአንድ ሰው ሕይወት አለ። ሰውየው ሙሽሪክ ሆኖ ኖረ፤ ሙሽሪክ ሆኖም ሞተ። ስሙ ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ ይባላል።

ሙጥዒም ማን ነበር?

ሙጥዒም የቁረይሽ አንድ ቅርንጫፍ የሆነው የበኑ ነውፈል አለቃ ነበር። አያቱ ነውፈልና የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቅድመ አያት ሃሺም የአንድ አባት፣ የዐብዱ መናፍ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሙጥዒም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመድ ነበር፤ ነገር ግን ከበኑ ሃሺም ወገን አልነበረም። የተበደለን ለመርዳት መካ ላይ የተቋቋመው ታዋቂው ሒልፈል ፉዱል የተሰኘው ቃል ኪዳን ሲፈጸምም የሙጥዒም ጎሳ ከቃል ኪዳኑ ውጭ ነበር። በቃል ኪዳኑ ላይ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወጣትነታቸው ተገኝተዋል፤ ከነብይነት በኋላም አወድሰውታል።

የመካ ሙሽሪኮች አላህን ፈጣሪ ብለው ያውቁት ነበር፤ በስሙም ይምሉ ነበር። ከሞት በኋላ መነሳትን፣ ሒሳብንና ጀነትን ግን ይክዱ ነበር፤ በእጃቸውም መጽሐፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከእነሱ አንዱ ደግ ነገር ሲሠራ በአኺራ ዋጋዬን አገኛለሁ ብሎ አልነበረም። የሙጥዒም ታሪክ ለጥያቄያችን የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጅማሬው አላማረም

ሙጥዒም ገና ከመጀመሪያው ጀግና አልነበረም። ቁረይሾች ዑማረተ ኢብኑል ወሊድ የሚባል መልከ መልካም ወጣት ይዘው ወደ አቡ ጧሊብ ሄደው፣ ይህን ልጅ ውሰድና የወንድምህን ልጅ ሙሐመድን ለግድያ አሳልፈህ ስጠን ባሉት ጊዜ ሙጥዒም ከእነሱ ጎን ቆሞ ነበር። ወገኖችህ ፍትሐዊ ሐሳብ አቅርበውልሃልና ተቀበላቸው ብሎ አቡ ጧሊብን ሞገተው። አቡ ጧሊብም የእነሱን ልጅ እየቀለበ የራሱን ልጅ ለሞት መስጠት ፍትሕ እንዳልሆነ ነግሮ፣ ሙጥዒምን ከዳኸኝ ብሎ ወቀሰው።

የሺዕብ ዓመታት

በነብይነት 7ኛው ዓመት ቁረይሾች በበኑ ሃሺምና በበኑል ሙጦሊብ ላይ ማዕቀብ ጣሉ። ከእነሱ ጋር ላለመጋባት፣ ላለመግዛትና ላለመሸጥ ተማምለው ጽሑፉን ካዕባ ውስጥ ሰቀሉት። ሁለቱ ጎሳዎች፣ ያመነውም ያላመነውም፣ አቡ ለሀብ ብቻ ሲቀር፣ በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ተከተው ወደ 3 ዓመት ገደማ ተራቡ። ቅጠል እስከ መብላት ደረሱ፤ የሕፃናቱ ለቅሶ ከሸለቆው ውጭ ይሰማ ነበር። የሙጥዒም ጎሳ በማዕቀቡ ውስጥ አልነበረም። እሱ ቤቱ ውስጥ በልቶ ያድር ነበር።

ነገሩን ያንቀሳቀሰው ሂሻም ኢብኑ ዐምር የሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው በሌሊት ግመል እህል ጭኖ ወደ ሸለቆው አፍ ያመጣና ልጓሙን ፈትቶ ወደ ውስጥ ይለቀው ነበር። አንድ ቀን የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አክስት ልጅ ወደሆነው ዙሀይር ኢብኑ አቢ ኡመያ ሄደና፣ አንተ እየበላህና እየለበስህ የእናትህ ወገኖች እንዲህ ሲሆኑ እንዴት ያስችልሃል አለው። ዙሀይር ብቻዬን ምን ላድርግ ሲለው እኔ ሁለተኛህ ነኝ አለው። ከዚያ ወደ ሙጥዒም መጣ። ሁለት የዐብዱ መናፍ ቤቶች ዓይንህ እያየ ሲጠፉ ከቁረይሽ ጋር ተስማምተህ ትቀመጣለህን ብሎ ጠየቀው። ሙጥዒምም እንደ ዙሀይር ብቻዬን ምን ላደርግ እችላለሁ አለ። ሂሻም ብቻህን አይደለህም፣ ሦስት ሆነናል አለው። ሙጥዒም አራተኛ እንፈልግ አለ። አቡል በኽተሪይና ዘምዐ ኢብኑል አስወድ ተጨምረው 5 ሆኑ፤ በሌሊትም ከመካ ከፍ ብሎ ሐጁን በተባለው ስፍራ ተገናኝተው ተማከሩ።

በማግስቱ ዙሀይር ካዕባን 7 ጊዜ ዞሮ ሕዝቡ ፊት ቆመ። እኛ እየበላንና እየለበስን በኑ ሃሺም መጥፋት እንደሌለባቸው፣ ያ ግፈኛ ጽሑፍ ሳይቀደድም እንደማይቀመጥ ተናገረ። አቡ ጀህል ዋሽተሃል፣ አይቀደድም ብሎ ተነሳ። የቀሩትም በየተራ ዙሀይርን ደገፉ። አቡ ጀህል ይህ በሌሊት የተመከረበት ነገር ነው አለ፤ በዚህስ አልተሳሳተም። ሙጥዒም ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ጽሑፉን ሊቀድ ተነስቶ ገባ፤ የአላህ ስም ካለበት ቦታ በቀር ምስጥ በልቶት አገኘው።

ከጧኢፍ መልስ

ማዕቀቡ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ አቡ ጧሊብና ኸዲጃ (ረ.ዐ) ሞቱ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያለ ጠባቂ ቀሩ። ወደ ጧኢፍ ሄደው ሕዝቡን ወደ አላህ ጠሩ፤ የጧኢፍ ሰዎች ግን ባለጌዎቻቸውን አነሳስተው እግራቸው እስኪደማ በድንጋይ አስወገሯቸው። ወደ መካ ሲመለሱ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) ያስወጡዎት ሰዎች ዘንድ እንዴት ይገባሉ ብሎ ጠየቃቸው። በወቅቱ ደንብ አንድ ሰው ከተማ ውስጥ በሰላም ለመኖር የአንድ ጌታ ጂዋር፣ ማለትም ከለላ፣ ያስፈልገው ነበር። ከሐበሻ የተመለሱት ሙሃጂሮች እንኳ መካ የገቡት አንዳንዶቹ በእንዲህ ዓይነት ከለላ ነው፤ ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) በወሊድ ኢብኑል ሙጊራ፣ አቡ ሰለማ (ረ.ዐ) ደግሞ በአቡ ጧሊብ ከለላ ገብተዋል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ወደ አኽነስ ኢብኑ ሸሪቅ ላኩ። እሱም እኔ የቁረይሽ ተጠጊ ነኝ፣ ተጠጊ ከለላ አይሰጥም አለ። ወደ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ላኩ። እሱም የእኔ ጎሳ በእነዚያ ላይ ከለላ መስጠት አይችልም አለ። ሁለቱም ሰበባቸው በደንቡ መሠረት ትክክል ነበር። ሦስተኛው ሙጥዒም ነው። እሱም ቢሆን ሰበብ አያጣም ነበር። ነገር ግን እሺ አለ። ልጆቹንና ወገኖቹን መሣሪያ አስታጥቆ በካዕባ ማዕዘኖች አቆማቸውና ሙሐመድን በከለላዬ አድርጌያለሁ፣ ማንም እንዳይነካው ብሎ አወጀ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገብተው ሁለት ረከዐ ሰገዱ፤ ሙጥዒምና ልጆቹ በሰይፍ እንደከበቧቸውም ቤታቸው ገቡ። ከቁረይሽ መሪዎች አንዱ ቀርቦ ሙጥዒምን ከለላ ሰጪ ነህ ወይስ ተከታይ ብሎ ጠየቀው። ከለላ ሰጪ ብቻ እንደሆነ መለሰ። እንግዲያውስ ከለላህ ይከበራል ተባለ።

ተከታይ አይደለሁም ያለው እውነቱን ነበር። በእነዚያው ዓመታት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለልጁ ለጁበይር ታስባ ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ) ቃላቸውን ሳያፈርሱ ጉዳዩን ሊያጣሩ ወደ ሙጥዒም ቤት ሲሄዱ፣ ሚስቱ ልጃችንን ወደ ሃይማኖታችሁ ትወስዱብናላችሁ ብላ ስጋቷን ገለጸች፤ ሙጥዒምም የሷን ሐሳብ ደገፈ። ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) በሰይፍ የጠበቀው ሰው ልጁ ወደ እስልምና እንዳይገባበት ይፈራ ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ሙጥዒም ከሒጅራ በኋላ፣ ከበድር ዘመቻ ጥቂት ቀደም ብሎ መካ ላይ ሞተ፤ 90 ዓመት አልፎት እንደነበር ይወሳል። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገጣሚ ሐሳን ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) መዲና ሆኖ ለዚህ ሙሽሪክ የሐዘን ግጥም ገጠመለት። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ በድር ላይ ከሙሽሪኮች 70 ተገድለው 70 ሲማረኩ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙጥዒምን አስታወሱት። በሕይወት ኖሮ ስለነዚህ ምርኮኞች ቢያነጋግራቸው ሁሉንም ለሱ ሲሉ ይለቁለት እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ለአንዳንዱ ምርኮኛ እስከ 4000 ዲርሃም ቤዛ በተከፈለበት ጊዜ፣ የአንድ የሞተ ሙሽሪክ ውለታ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ በልጦ ተገኘ።

መልካምነቱ ከየት መጣ?

አቡ ጀህልና ሙጥዒም ያደጉት በአንድ ከተማ፣ በአንድ እምነትና በአንድ ባህል ነው። አንዱ ጽሑፉ አይቀደድም ሲል ሌላው ሊቀደው ተነሳ። ስለዚህ ልዩነቱን ከእምነታቸው ልናመጣው አንችልም። ሙስሊሞች ለዚህ የምንሰጠው ስም ፊጥራ ነው። አላህ ለነፍስ መጥፎዋንና መልካሟን የምትለይበትን ዕውቀት እንደሰጣት ሱረቱ አሽ-ሸምስ ይነግረናል። ይህ ዕውቀት ለሙስሊም ብቻ የተሰጠ አይደለም። ዑለሞቻችን በዝርዝሩ ተለያይተዋል። ሙዕተዚላዎች አእምሮ መልካምና ክፉን በራሱ ይደርስበታል አሉ፤ አሽዐሪዮች ግዴታነቱና ክልክልነቱ የሚታወቀው በወሕይ ነው አሉ፤ ማቱሪዲዮች በመካከል ሆነው አእምሮ ብዙውን ይገነዘባል፣ ሸሪዓዊ ግዴታን የሚጥለው ግን ወሕይ ነው አሉ። የሕፃን የረሃብ ለቅሶ ሰምቶ ሆዱ የተላወሰ ሰው ግን ይህን ክርክር አልጠበቀም።

ፊጥራ ብቻውንም አልነበረም። ሦስቱን ዓመታት ሙሉ ሙጥዒም ያንን ለቅሶ እየሰማ ተቀምጧል። ያስነሳው ቤቱ ድረስ መጥቶ ብቻህን አይደለህም ያለው ሰው ነው። የዘመድ ክብርና የጌትነት ስምም አግዘውታል። በብዙ ሰው ልብ ውስጥ መልካምነት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚቀሰቅሰው ሰው ሲያገኝ ይነሳል።

የጎደለው ምንድን ነው?

ይሁን እንጂ የዚህን መልካምነት ወሰን ማየት አለብን። ጂዋር የሚጠቅመው ዘመድና ስም ላለው ሰው ነበር። ቢላል (ረ.ዐ) በሞቃት አሸዋ ላይ ድንጋይ ሲጫንበት፣ ሱመያ (ረ.ዐ) ስትገደል የትኛውም የቁረይሽ ጌታ ልጆቹን አስታጥቆ አልቆመላቸውም። ደንቡ ለባሪያና ለመጻተኛ ቦታ አልነበረውም።

ሌላም አለ። ያው የጎሳ ክብር ሙጥዒምን ለከለላ እንዳስነሳው ልጁን ጁበይርን ለበቀል አስነስቶታል። አጎቱ ጡዐይማ በድር ላይ ስለተገደለበት፣ ሐበሻዊ ባሪያው ወሕሺይ ሐምዛን (ረ.ዐ) ከገደለ ነፃ እንደሚያወጣው ቃል ገባ፤ ኡሑድ ላይም ተፈጸመ። የሚያድነውም የሚገድለውም ከአንድ ምንጭ ተቀዳ። ኢማን የሚጨምረው እዚህ ላይ ይታያል። ኢማን ፊጥራን አይተካውም፤ ሚዛን ይሰጠዋል፣ ከዘመድ አልፎ ለባዕድ እንዲደርስ ያደርገዋል፣ በቀል ሲመጣም ገደብ ያበጅለታል።

ጁበይር ራሱ የምርኮኞችን ጉዳይ ይዞ መዲና በመጣ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመግሪብ ሶላት ሱረቱ አጥ-ጡርን ሲቀሩ ሰማ። ሰዎች ያለ ፈጣሪ ተገኝተው እንደሆነ ወይም ራሳቸው ፈጣሪ እንደሆኑ ከሚጠይቁት አንቀጾች ሲደርሱ ልቡ ሊበር ደረሰ። ኢማን መጀመሪያ ልቡ ውስጥ የገባው ያኔ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ከዓመታት በኋላ ሰለመ፤ ወሕሺይም ሰለመ።

የአኺራውን ነገር በተመለከተ ደግሞ ለድሆች ይመግብ ስለነበረው ስለ ዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታውን አንድም ቀን ምሕረት አለመለመኑ ደግነቱን በአኺራ እንዳይጠቅመው እንዳደረገ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልሰዋል። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ግን ከሰለሙ በኋላ በጃሂሊያ ስለሠሩት መልካም ሥራ ሲጠይቁ፣ ያ መልካም ሥራ አብሯቸው እንደመጣ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ የማያምን ሰው ደግነት እውነተኛ ነው፤ ባለቤቱን ማወቅ ግን ይቀረዋል።

ለእኛስ?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሙጥዒምን ሺርክ ሸፋፍነው አላለፉም፤ ውለታውንም በሺርኩ ምክንያት አልካዱም። እኛም የማያምነውን ጓደኛችንን ደግነት አስመሳይነት ነው ብለን አናጣጥል። ሱረቱል ሙምተሒና ላልተዋጉን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሕን አልከለከለችንም። እናመስግነው፤ ብድሩን እንመልስለት፤ ደግነቱ ከየት እንደመጣ አብረነው እናስብ። ምናልባት ወደ ባለቤቱ የሚወስደው በር ያ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን እኛው ራሳችንን እንጠይቅ። መጽሐፉ በእጃችን እያለ፣ ሒሳብ እንዳለ እያመንን፣ የተበደለ ሰው በራችንን ሲያንኳኳ መልሳችን የማን ነው? የአኽነስና የሱሀይል ሰበብ ነው ወይስ የሙጥዒም እሺታ? መጽሐፍ ያልነበረው ሙሽሪክ ከሚያምነው ቀድሞ ከተነሳ፣ እምነታችን በእኛ ላይ ማስረጃ እንዳይሆን ያስፈራል።

አላህ ፊጥራችንን ሕያው፣ ኢማናችንን ሥራ ያለው ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።