የኖኪያ ጥሪ ባለቤትና የእኔ ግራ እጅ

ያንን የድሮ የኖኪያ ጥሪ ታስታውሱታላችሁ አይደል? ታክሲ ውስጥ ሲጮህ ሁሉም ሰው ኪሱን የሚዳብስለት። ዜማው የኩባንያው አይደለም። ፍራንሲስኮ ታሬጋ የሚባል ስፔናዊ ጊታሪስት በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከጻፈው ግራን ቫልስ ከሚባል ሥራ የተወሰደች ቁራጭ ናት። ስልክ ላይ የተጫነችው በ1994 ሲሆን ያኔ ሰውየው ከሞተ 85 ዓመት ሊሞላው ነበር። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ክፍያው ነው፤ ግን ዛሬ የያዘኝ ጉዳይ ሌላ ነው።

ክላሲካል ጊታር መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ቀኝ እጄ እሺ ይላል። ያስቸገረኝ ግራው ነው፤ በተለይ በጊታሩ አንገት ላይ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መሄድ ሲኖርበት። ጊታር ላይ አንዷ ድምፅ ብዙ ቤት አላት። ቀጭኑን ክር ክፍቱን ስትመቱት የምትሰሟት ድምፅ ሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይም፣ ሦስተኛው ክር ዘጠነኛ ፍሬት ላይም አለች። ድምፅዋ አንድ ቢሆንም ወፍራሙ ክር ላይ ሞቅ ትላለች። እሷን ፍለጋ እጅ መጓዝ አለበት። የእኔ ግን ወይ ያልፋል ወይ ሳይደርስ ይቀራል።

ታሬጋ በ1852 ቪላሬያል ተወለደ። ልጅ ሳለ የመስኖ ቦይ ውስጥ ወድቆ ዓይኑ ተጎዳ። አባቱ ልጁ ጨርሶ እንዳይታወር ሰጋና ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካስቴዮን ሄደ፤ ዓይኑ ቢጠፋ እንኳ በሙዚቃ እንጀራውን እንዲበላ። (ኢንሹራንስ ማለት ይሄ ነው።) የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሙዚቃ መምህራኑም ዓይነ ስውራን ነበሩ።

እዚህ ጋ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ጊታሬን አየሁት። እኔ እጄን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ፍሬት እቆጥራለሁ። እሱ የተማረው ፍሬት ከማያዩ ሰዎች ነው።

አስቸጋሪ ልጅም ነበር። በአስር ዓመቱ ጠፍቶ ባርሴሎና ካፌዎች ውስጥ ሲጫወት አባቱ ፈልጎ አገኘው። በ1874 ማድሪድ ኮንሰርቫቶሪ ገባ። በጊዜው የተከበረው ፒያኖ ነው፤ ጊታር የመጠጥ ቤት ዕቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ታሬጋ የቾፒንን፣ የቤትሆቨንን፣ የሜንደልሰንን ሥራዎች ለጊታር አዘጋጀ። ፒያኖ ላይ አስር ጣት የሚካፈለውን ጊታር ላይ አራት የግራ ጣቶች መሸከም አለባቸው፤ ስለዚህ አንገቱን ከታች እስከ ላይ ይዞሩታል። ኖታዎቹ ውስጥ ጣት ክሩ ላይ እየተንሸራተተ እንዲሄድ የሚያዙ ምልክቶች ሞልተዋል።

እኔ የምታገለው ከላግሪማ ጋር ነው፤ እንባ ማለት ነው፣ በጣም አጭር ሥራ። ገና ሲጀምር ዜማው ቀጭኑ ክር ላይ ከአራተኛው ፍሬት ወደ አምስተኛው፣ ከዚያ ወደ ሰባተኛው ይወጣል። ወፍራሙ ድምፅ አራተኛው ክር ላይ ከሁለተኛው ወደ አራተኛው፣ ወደ ስድስተኛው ይከተለዋል። ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም።

ስህተቴ ጣቶቼን ሁሉ አንስቼ በአየር ላይ መዝለሌ ነበር። ለካ ቀጭኑን ክር የያዘው ጣት መነሳት የለበትም፤ ጫናውን ብቻ ያቀላል፣ ክሩን እየዳሰሰ ይሄዳል፣ ሲደርስ ይጫናል። ሌሎቹን የሚመራቸው እሱ ነው። አውራ ጣትም ከኋላ አብሮ መሄድ አለበት። የእኔ አንገቱን አንቆ እየቀረ ነበር፤ ለካ እጄ የማይደርሰው በሱ ምክንያት ነው!

በ1906 የታሬጋ ቀኝ ጎን ሽባ ሆነ። ክር የሚመታው እጅ ማለት ነው። ቦታውን የሚያውቀው ግራ እጅ ደህና ሆኖ፣ ድምፅ የሚያወጣው ከዳው። ወደ መድረክ ቢመለስም ሙሉ በሙሉ አላገገመም፤ በታኅሣሥ 1909 ባርሴሎና ውስጥ ሞተ። ዮቤትና ፑዦል የሚባሉ ተማሪዎቹ በየፊናቸው ትልልቅ ጊታሪስቶች ሆኑ።

ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ ላግሪማን ሞከርኩ። አምስተኛው ፍሬት ላይ በደንብ ገባሁ። ሰባተኛውን አለፍኩት። ደግሜ ስሞክር ግን ገባ፤ እህቴ ከሌላው ክፍል ሆና በቃ ተኛ እስክትለኝ ድረስ ስደጋግመው አመሸሁ።