ከጊታር ጋር መዝፈን የተማረው ልጅ
የኤልቪስ ፕሬስሊ አጭር የሕይወት ታሪክ



በዚህ እትም ይዘንላችሁ የቀረብነው ስሙን ሁላችሁም የምታውቁትን ሰው ታሪክ ነው። ስትሪፕ ላይ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር ጸጉራቸውን ወደ ላይ አበጥረው ከቱሪስት ጋር ፎቶ የሚነሱ ሰዎች አይታችሁ የለ? የሚያስመስሉት ኤልቪስ ፕሬስሊን ነው። እሱ ራሱ ካረፈ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ የምናወራው ስለ ልብሱ ሳይሆን ጊታር እየተጫወተ መዝፈንን እንዴት እንደተማረ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስንጠቅስ እንነግራችኋለን።)

ከእናንተ መካከል ጊታር የጀመራችሁ ካላችሁ ችግሩን ታውቁታላችሁ። እጅ ብቻውን ሲሆን ይጫወታል፤ አፍም ብቻውን ሲሆን ይዘፍናል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉ ሲባል ግን ጣጣ ይመጣል። መዝፈን ስትጀምሩ እጃችሁ ይቆማል፤ እጃችሁን ስታስቡ ደግሞ ግጥሙ ይጠፋችኋል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። ሁሉም ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው።

የገና ማግስት ልጅ

ኤልቪስ የተወለደው ጃንዋሪ 8 ቀን 1935 ነው። በእኛ ሲሰላ ታኅሣሥ 30 ቀን 1927 ዓ.ም. ይሆናል፤ የገና ማግስት ማለት ነው። የተወለደበት ከተማ ቱፔሎ ይባላል፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ብቻ ነበራት። አባቱ ቨርነን፣ እናቱ ግላዲስ ይባላሉ። መንታ ወንድሙ ሞቶ ስለተወለደ ኤልቪስ ለወላጆቹ አንድ ልጅ ሆኖ አደገ።

ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ዘፈን ግን አልጠፋም። በሚሄዱበት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አብሮ ይዘምራል። ልጁ መጀመሪያ የተማረው በጆሮው ነው። በ1945፣ የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በከተማው ባዛር በተደረገ የልጆች ውድድር ላይ ወንበር ላይ ቆሞ ዘፈነ። ያን ጊዜ ጊታር አልነበረውም። የነበረው ድምፁ ብቻ ነው።

ሰባት ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም

11 ዓመት ሲሞላው እናቱ ስጦታ ልትገዛለት ወደ አንድ የቤት መሥሪያ ዕቃ ሱቅ ወሰደችው። በሱቁ ይሠራ የነበረው ሰው በኋላ እንደመሰከረው ልጁ የፈለገው ጠመንጃ ነበር። እናቱ እሺ አላለችም። ልጁ ቅር ሲለው ሻጩ ጊታር አውጥቶ አሳየው። ዋጋው 7 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር፤ ታክሱ ሳይጨመር። ግላዲስ ከፈለችና ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

ሒሳብ ስሠራ የምውል ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ለዚያ ቤተሰብ ያ ገንዘብ ትንሽ አልነበረም። ግን እናትየው የገዛችው ርካሽ ዕቃ ብቻ አይደለም። ልጁ ከክፍሉ ሳይወጣ የሚለፋበት ነገር ነው የገዛችለት።

ማን አስተማረው?

የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም። አጎቶቹ አንዳንድ ነገር አሳዩት። የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተርም ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ አመለከተው። የቀረውን በማየትና በመስማት ለቀመ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አገር ቤትም ክራር የሚደረድር ሰው የተማረው አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂ አጠገብ ተቀምጦ እጁን በማየት ነው። እነ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን ይዘው ሲዘፍኑ ድምፃቸውና ጣታቸው አንድ ሰው እንደሚናገር ሆኖ ይሰማ ነበር። አዝማሪም በማሲንቆው አንዲት ክር እየታጀበ እዚያው ግጥም ይፈጥራል። መሣሪያው ይለያያል እንጂ ሙያው አንድ ነው።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይገጥማሉ? የጊታር ግራ እጅ ክሮቹን ተጭኖ ኮርድ ይይዛል። ቀኝ እጅ ክሮቹን እየመታ ጊዜውን ይጠብቃል። ለብዙ ዘፈን ሦስት ኮርድ ይበቃል። መጀመሪያ ሳትዘፍኑ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ማለፍን ተለማመዱ፤ እጃችሁ ሳታዩት እስኪሄድ ድረስ። ከዚያ ግጥሙን ተዉትና ዜማውን ብቻ እያንጎራጎራችሁ ምቱ። በመጨረሻ ቃሉን ጨምሩበት፤ ቀስ ብላችሁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ። አንዱ እጅ ሥራውን በራሱ ሲችል ነው ሐሳብ ነፃ ወጥቶ ወደ ዘፈኑ የሚሄደው።

ቤት ውስጥ መቻልና ሰው ፊት መቻል ደግሞ ይለያያሉ። በቱፔሎ ሬዲዮ የሚዘፍን ሚሲሲፒ ስሊም የሚባል ሰው ነበር። ኤልቪስ የእሱን ፕሮግራም ይወድ ነበር፤ ሰውየውም ኮርድ አሳይቶታል። ኤልቪስ 12 ዓመት ሲሆነው በሬዲዮ እንዲዘፍን ቀጠሮ ተያዘለት። ቀኑ ሲደርስ ግን ፍርሃት ያዘውና መዝፈን አቃተው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሄደ። ዘፈነም።

ልጆች፣ ይህችን ሁለተኛዋን ሳምንት አትርሷት። ባይመለስ ኖሮ የሚነገር ታሪክ አይኖረንም ነበር።

አዲስ ከተማ፣ አዲስ ትምህርት ቤት

በ1948 መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ሜምፊስ ሄደ። ኤልቪስ 13 ዓመቱ ነበር። ዓይን አፋር፣ ሰው የማያውቀው ልጅ ሆነ። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ስቴት መጥታችሁ ክፍል የገባችሁ ይህ ስሜት ይገባችኋል። የሚኖሩት መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ባሠራው አፓርትመንት ነው። እዚያም ከጎረቤት ልጆች ጋር ጊታር ይለማመድ ነበር።

በሙዚቃ ትምህርት ያገኘው ውጤት ሲ ነው። አዎ፣ ሲ! ኖታ ማንበብም አይችልም ነበር። የሚጫወተው በሰማው ነው። በ1953 ግን በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ትርኢት ላይ ጊታሩን ይዞ ወጣ፤ እስከዚያ ልብ ብለው አይተውት የማያውቁ ተማሪዎችም በዚያ ቀን አወቁት።

ከበሮ ያልነበረው ቡድን

ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ የኤሌክትሪክ ሥራ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። በ1953 በጋ ሜምፊስ ወደሚገኘው ሰን ስቱዲዮ ሄዶ ወደ 4 ዶላር ያህል ከፍሎ ሁለት ዘፈን አስቀዳ። ወዲያው የመጣ ነገር የለም። በሚቀጥለው ዓመት የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ከሁለት ሙዚቀኞች ጋር አገናኘው፤ ስኮቲ ሙር ጊታር፣ ቢል ብላክ ባስ ይጫወታሉ።

ጁላይ 5 ቀን 1954 ማታ ሦስቱ ስቱዲዮ ገቡ። ሲሞክሩ አመሹ፤ አልሆነም። ዕረፍት ላይ ሳሉ ኤልቪስ ጊታሩን እየመታ አንድ የቆየ ዘፈን ቀልድ በሚመስል ሁኔታ ጀመረ። ሁለቱ ተከተሉት። ያ ቅጂ የመጀመሪያ ሸክላው ሆነ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሸክላ ላይ ከበሮ የለም። ምቱን የያዙት የቢል ባስና የኤልቪስ ቀኝ እጅ ናቸው። ጊታሩ ለጌጥ የተያዘ አልነበረም። ዘፈኑን የተሸከመው እሱ ነበር።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግን ትክክል አይሆንም። ያንን ዘፈን የጻፈው አርተር ክሩዳፕ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የብሉዝ ዘፋኝ ነው። ክሩዳፕም ጊታር እየተጫወተ ይዘፍን ነበር። በ1974 ሲሞት የሚገባውን የደራሲ ክፍያ አላገኘም። ኤልቪስ ከጥቁሮች መዝሙርና ብሉዝ ብዙ ተምሯል። ስለ ተማሪው ስናወራ የመምህሮቹንም ስም ማንሳት ይገባናል።

ፓራዳይዝ ውስጥ ያልቀናው ጊዜ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ብዙ ሰው ስትሪፕ የላስ ቬጋስ ከተማ አካል ይመስለዋል። በአስተዳደር ግን አብዛኛው ክፍል ከከተማው ወሰን ውጪ፣ ፓራዳይዝ ውስጥ ነው። ኤልቪስም በአፕሪል 1956 ኒው ፍሮንቲየር ሆቴል ለሁለት ሳምንት ሊዘፍን የመጣው እዚሁ ነው። ዕድሜው 21 ነበር። በመላ አሜሪካ ወጣቶች ይጮኹለት ነበር።

እዚህ ግን አልሆነለትም። እራት እየበሉ የሚያዩት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነበሩ። ዘፈኑ አልገባቸውም፤ ጭብጨባውም ቀዘቀዘ። ጋዜጦችም ተቹት። እሱ ግን ቆይታውን ጨረሰ። ባዶ እጁንም አልተመለሰም። በሌላው ሆቴል፣ በሳንድስ፣ ፍሬዲ ቤልና ቤልቦይስ የሚባል ቡድን ቢግ ማማ ቶርንተን ቀደም ብላ የዘፈነችውን ዘፈን በራሱ መንገድ ሲጫወት አየ። ወደደውና ተማረው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አስቀዳው፤ ከታወቁት ዘፈኖቹም አንዱ ሆነ። የሳንድስ ቦታ ዛሬ ቬኔሽያን ሆቴል ያለበት ነው። ኒው ፍሮንቲየር ደግሞ በ2007 ፈርሷል።

ተመልሶ መጣ

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። በ1958 ለወታደርነት ተጠራ፤ በዚያው ዓመት ጊታሩን የገዛችለት እናቱ ሞተች፤ ሐዘኑ ከባድ ነበር። ከሠራዊቱ ሲመለስ ፊልም በፊልም ላይ ሠራ። ሰው ፊት ቆሞ መዝፈኑን ለዓመታት ተወ። በ1968 ለቴሌቪዥን በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ከስኮቲ ሙርና ከሌሎች የድሮ ጓደኞቹ ጋር ክብ ሠርተው ተቀመጡና ጊታር ይዞ ዘፈነ። ሕዝቡ የቀድሞውን ኤልቪስ አየ።

ጁላይ 31 ቀን 1969 በፓራዳይዝ መንገድ ላይ በተሠራው አዲሱ ኢንተርናሽናል ሆቴል ወጣ። ከ13 ዓመት በፊት ቀዝቃዛ ጭብጨባ የሰጠው አካባቢ አሁን ቆሞ አጨበጨበለት። የመጀመሪያው ምሽት አንድ ትርኢት፣ ከዚያ ለ28 ቀን በየምሽቱ ሁለት ሁለት። ደምሩት፤ 57 ይመጣል። እስከ 1976 ድረስ በዚያ ሆቴል ከ600 በላይ ትርኢት አሳየ።

መጨረሻው ግን ያሳዝናል። ድካምና ሕመም በዛበት፤ ሐኪም የሚያዝለትን መድኃኒትም ከልክ በላይ ይወስድ ነበር። ኦገስት 16 ቀን 1977 ሜምፊስ በሚገኘው ቤቱ ሞተ። ገና 42 ዓመቱ ነበር። ዝና ሰውን ከሕመም አያድንም። ይህን ለልጆቻችን መደበቅ አይጠቅምም።

እንግዲህ ልጆች፣ ጊታርም ይሁን ክራር፣ በእጃችሁ ያለውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። እጅና ድምፅ እንደሚጋጩ ሁሉ ሁለት ቋንቋም መጀመሪያ ላይ አፍ ውስጥ ይጋጫል። ሰው ፊት አማርኛ ስትናገሩ ቃል ቢጠፋችሁ የሬዲዮውን ልጅ አስታውሱ። ወላጆችም ልጃችሁ ያንኑ ሦስት ኮርድ መቶ ጊዜ ሲደጋግም ጆሯችሁ ቢሰለችም ታገሡት።

ጥያቄዎች (መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ አምጡ)

1. ኤልቪስ የተወለደበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት ነው?
2. በሬዲዮ መዝፈን ሲያቅተው በሚቀጥለው ሳምንት ምን አደረገ?
3. በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ከበሮ ሳይኖር ምቱን የያዘው ምንድን ነው?
4. ክራር፣ ማሲንቆ ወይም በገና የሚጫወት ዘመድ አላችሁ? ማን እንዳስተማረው ጠይቁና አምስት መስመር ጻፉ።

መልካም ሳምንት!