ኪሳራውን ማን ይሸከም? — የሮበርት ኦዌን ሕይወትና የሥራ አመራር ኅሊና

በአንድ ማምረቻ ድርጅት ውስጥ ጥሬ ዕቃ ሲጠፋ ወይም ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የሥራ አመራር ማንነት የሚፈተነውም በተመቸ ጊዜ ሳይሆን በዚህች ሰዓት ነው። ጥያቄውን በሚገባ ለመመርመር የሮበርት ኦዌንን ሕይወት መለስ ብለን እንመልከት። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦዌን በ1771 በዌልስ፣ ኒውታውን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በ10 ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጠረ። በ20 ዓመቱ ገደማ በማንቸስተር 500 ያህል ሠራተኞች ያሉት የጥጥ መፍተያ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቃ። በ1799 ከሸሪኮቹ ጋር በስኮትላንድ የሚገኙትን የኒው ላናርክ ፋብሪካዎች ገዝቶ፣ በ1800 መባቻ አመራሩን ተረከበ።

በዚያ ስፍራ 500 ያህል ከድኾች መጠለያ የመጡ ሕፃናት ይሠሩ ነበር። ስርቆትና ስካርም ተስፋፍቶ ነበር። የዘመኑ ከበርቴ ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ ሲደፈድፍ፣ ኦዌን ግን የሰውን ጠባይ የሚቀርጸው የሚኖርበት ሁኔታ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ሠራተኛውን ከማባረር ይልቅ ሁኔታውን ለመለወጥ ተነሣ። ሆኖም ወዛደሩ አዲሱን ጌታ ለዓመታት በጥርጣሬ ዓይን ከመመልከት አልተቆጠበም።

ጥርጣሬው የተሰበረው በችግር ቀን ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አሜሪካ በጣለችው የንግድ እገዳ ምክንያት የጥጥ ዋጋ እጅግ ናረ። ሌሎች ባለፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን ሲበትኑ፣ ኦዌን መኪናዎቹን አቁሞ፣ ሠራተኛው እየጠረገና እየወለወለ እንዲጠብቃቸው ብቻ በማድረግ፣ ለ4 ወራት ሙሉ ደመወዝ ከፈለ። ወጪው ከ7,000 ፓውንድ በላይ ነበር። በዚህ ውሳኔ ኪሳራው ከደካማው ትከሻ ወርዶ በካፒታሉ ላይ ዐረፈ።

ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቅጠር አቆመ፤ የሥራውን ቀን ወደ 10 ሰዓት ተኩል አወረደ፤ ጥሩ ሸቀጥ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ አቋቋመ፤ በ1816 ትልቅ የትምህርት ተቋም ከፈተ። ፋብሪካው ግን አልከሰረም፤ ማትረፉን ቀጠለ። ሸሪኮቹ ወጪው በዝቷል ብለው ሲቃወሙት፣ በ1813 ከካፒታላቸው በዓመት 5 በመቶ ብቻ ለመውሰድ የተስማሙ አዳዲስ ሸሪኮችን አሰባስቦ ፋብሪካውን በሐራጅ መልሶ ገዛ።

ይሁን እንጂ የኦዌንን ጉድለት ልንሸፋፍን አይገባም። በየሠራተኛው አጠገብ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ ቀለም የተቀባ ትንሽ እንጨት ሰቅሎ የየዕለቱን ጠባይ ያመለክት ነበር። ተበደልኩ የሚል አቤቱታውን ወደ እርሱ ማቅረብ ቢችልም፣ ዳኛው ያው አንድ ሰው ነበር። ኦዌን ስለ ሠራተኛው ወሰነ እንጂ ከሠራተኛው ጋር አልወሰነም። ከበርቴዎችንም በምክር ለማሳመን ደከመ፤ በ1819 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ግን እርሱ ከጠየቀው እጅግ ያነሰና ተቆጣጣሪ የሌለው ሆነ። በ1825 በአሜሪካ የመሠረተው የኒው ሃርመኒ ማኅበረሰብም ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ሲፈርስ አብዛኛው ሀብቱ አብሮ ጠፋ። ማርክስና ኤንግልስ እያከበሩት ከሕልማዊ ሶሻሊስቶች የመደቡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1858 በተወለደባት ከተማ አረፈ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ምንድን ነው? ፋብሪካም ይሁን የኅብረት ሱቅ ወይም የሠፈር ማኅበር የሚመራ ሰው ከመወሰኑ በፊት ሁለት ጥያቄ ለራሱ ማቅረብ አለበት እንላለን። የውሳኔው ሸክም የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ሸክሙ የሚያርፍበት ሰውስ በውሳኔው ላይ ድምፅ አለውን? ኦዌን የመጀመሪያውን ጥያቄ በገንዘቡ መለሰ፤ ሁለተኛውን ግን ሳይመልስ አለፈ። የአንድ ቅን ሰው በጎ ፈቃድ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ በጋራ የተመከረበትና በግልጽ ሒሳብ የሚመረመር ውሳኔ ግን ከሰውየው በኋላም ጸንቶ ይኖራል።