ፒየር ፎሻር፣ የጥርስ ሕክምና አባት

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመካከላችሁ በጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረ ተማሪ ቢኖር፣ ይህን ታሪክ ከሌሎች ይልቅ እርሱ ይረዳዋል። እንግዲህ የማደንዘዣ መድኃኒትም ሆነ በሚገባ የሠለጠነ የጥርስ ሐኪም በሌለበት ዘመን ያ ሕመም ቢደርስባችሁ ኖሮ ምን ታደርጉ እንደ ነበረ ገምቱ። ከ300 ዓመት በፊት የፓሪስ ሕዝብ ይኖር የነበረው በእንዲህ ያለ ዘመን ነበር።

በዚያን ጊዜ ጥርስ መንቀል የአደባባይና የድልድይ ላይ ሥራ ነበር። ጥርስ ነቃዮች ፖን ኔፍ በተባለው ድልድይ ላይ ቆመው በጩኸትና በሙዚቃ ሕዝብ ይሰበስቡ ነበር። ከእነርሱም መካከል አታላዮች ነበሩ። አታላዩ በሽተኛ መስሎ የሚቀርብ ግብረ አበር ይቀጥራል፤ ይህም ሰው በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ጥርስና የዶሮ ደም አስቀድሞ በአፉ ይይዛል። ነቃዩ ጥርሱን ገና ነካ ሲያደርገው ሰውየው ደሙንና ጥርሱን ይተፋል። ተመልካቹም ጥርሱ ያለ ሕመም የተነቀለ ስለሚመስለው ገንዘቡን ይዞ ይቀርባል። እውነተኛው ሥቃይ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነበር።

ይህን ተንኰል በጽሑፍ ያጋለጠው ፒየር ፎሻር በ1678 ገደማ በምዕራብ ፈረንሳይ ተወለደ። ዕድሜው 15 ዓመት ሲሆን፣ ማለትም እናንተ አሁን ባላችሁበት ዕድሜ ገደማ፣ በባሕር ኃይል ገብቶ ፖትልሬ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሹም ዘንድ ሙያ ይማር ጀመር። ለወራት ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ሳይቀምሱ የሚጓዙ መርከበኞች ድዳቸው እያበጠና እየደማ ጥርሳቸው ሲረግፍ በዐይኑ ተመለከተ። የበሽታው መንሥኤ የቫይታሚን ሲ እጥረት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ወጣቱ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐሳቡን በአፍና በጥርስ በሽታዎች ላይ ጣለ።

ፎሻር ከባሕር ኃይል ከወጣ በኋላ በአንዤ ከተማ ሲያክም ቆይቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያ ዘመን ሙያውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ዕውቀታቸውን እንደ ምስጢር ሸሽገው ይይዙት ስለ ነበረ፣ ባለቤቱ ሲሞት ዕውቀቱም አብሮት ይቀበር ነበር። ፎሻር ግን ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ያገኘውን ሁሉ በጽሑፍ አኖረ። ጽሑፉን በ1723 ከጨረሰ በኋላም የፓሪስ ሐኪሞች እንዲመረምሩለት ሰጣቸው። «የጥርስ ቀዶ ሐኪም» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1728 በሁለት ጥራዝ ታተመ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ወደ ጀርመንኛ ተተረጐመ።

ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚለው እምነት ከባቢሎናውያን ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እናንተም ስለ ጥርስ ትል ሲወራ ሰምታችሁ ይሆናል። ፎሻር የተቦረቦሩ ጥርሶችን በማጉያ መነጽር ቢመረምር ትል አላገኘም፤ ስለዚህም እምነቱን ተቃወመ። ስኳር ጥርስን እንደሚጎዳም አስጠነቀቀ። የተቦረቦረውን ጥርስ ወዲያው ከመንቀል ይልቅ ጠርጎ በእርሳስ፣ በቆርቆሮ ወይም በወርቅ መሙላትን፣ የተጣመመውንም በብረት ቅጥልጥልና በክር ማቃናትን አስተማረ። ቀድሞ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱ በነቃዩ ጉልበቶች መካከል ይያዝ የነበረውን በሽተኛ በወንበር ላይ እንዲቀመጥ አደረገ።

ይሁን እንጂ ፎሻር ከስሕተት የጸዳ አልነበረም። ለጥርስ ሕመም አፍን በሽንት መጉመጥመጥን መክሯል። ትል አለመኖሩን ቢያውቅም ትክክለኛውን መንሥኤ አልደረሰበትም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከምግብ ትርፍራፊና ከስኳር አሲድ እንደሚሠሩ፣ አሲዱም ጥርስን እንደሚሸረሽር በ1890 በመጽሐፍ ያስረዳው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር ነው። ሆኖም የቀዳሚው ዕውቀት በምስጢር ተቀብሮ ቢቀር ኖሮ፣ ተከታዩ ምን ላይ ቆሞ ያርም ነበር?

ፎሻር በ1761 በፓሪስ ዐረፈ። እናንተ ዛሬ ከእርሱ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ዕውቀት ግን ካልተሠራበት አይጠቅምም። በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ጥርሳችሁን ቦርሹ። የወይራ መፋቂያ የለመደም ድዱን ሳያቆስል በየጥርሱ ዙሪያ አጥርቶ ይፋቅ። ጣፋጭ አታዘውትሩ። የተቦረቦረ ጥርስ ሳይታከም ራሱን አይሞላምና፣ ሕመሙ እስኪጠና ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ያወቃችሁትንም እንደ ፎሻር ሳትደብቁ ለታናናሾቻችሁ አስተምሩ።

መልመጃ
1. አታላዮቹ ጥርስ ነቃዮች ሕዝቡን ያሳምኑ የነበረው በምን ዘዴ ነው?
2. ፎሻር ዕውቀቱን በመጽሐፍ ማውጣቱ ከዘመኑ ልማድ በምን ይለያል?
3. «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» የሚለውን ሐረግ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡ።
4. በአካባቢያችሁ ስለ ጥርስ ሕመም የሚነገረውን አንድ እምነት መርጣችሁ፣ ትክክል መሆን አለመሆኑን በምክንያት የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።