ሉቅማን፦ ባሪያ ሆኖ ጌታውን ያስተማረ ሐበሻ

 

ከደብረ ማርቆስ ወደ ዐባይ ሲወረድ ይጁቤ አለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው የባሶ ገበያ የሚቆመው እዚያ ነበር። ከዐባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ ልንደብቅ አይገባንም። ዛሬ ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የምናወሳው ሰው ራሱ ባሪያ ነበርና።

ሉቅማን አል-ሐኪም። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ሐበሻ ባሪያና አናጢ እንደነበር ተናግረዋል። ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ግን ከግብፅ ጥቁሮች፣ ከኑብያ በኩል ያደርጉታል። ከንፈሩ ወፍራም፣ እግሩ የተሰነጣጠቀ ነበር ይባላል። ዘመኑም የነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ዘመን እንደሆነ ይወሳል።

ሙፈሲሮች ከሚያወሱት ታሪኩ አንዱ ይህ ነው። ጌታው አንድ ቀን በግ እንዲያርድና ከሥጋው ምርጥ የሆኑትን ሁለት ብልቶች እንዲያመጣ አዘዘው። ሉቅማን ምላስና ልብ ይዞለት መጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ በግ አርዶ መጥፎ የሆኑትን ሁለት ብልቶች እንዲያመጣ አዘዘው። አሁንም ምላስና ልብ ይዞ መጣ። ጌታው ግራ ገብቶት ጠየቀው። ሉቅማንም እነዚህ ሁለቱ ሲያምሩ ከነሱ የሚያምር፣ ሲከፉም ከነሱ የሚከፋ እንደሌለ ነገረው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፈላስፎች ሰው በተፈጥሮው ደግ ነው ወይስ ክፉ እያሉ ለዘመናት ተከራክረዋል። በጥንቷ ቻይና ሜንሲየስ ደግ ነው ሲል ሹንዙ የለም ክፉ ነው ብሏል። ሉቅማን ግን ከሁለቱም ጋር አልቆመም። ያው አንድ ሥጋ ምርጥም መጥፎም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ሥጋው ሳይሆን የያዘው ነገር ነው። እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል፣ ግን አይጣረስም። ደግሞ ማን ማንን እንዳስተማረ ልብ በሉ። ጌታው የሉቅማንን እጅና ጉልበት ገዝቷል፤ ዐቅሉን ግን ሊገዛው ስላልቻለ እንደ ደረሳ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

ሌላም አለ። ዳውድ (ዐ.ሰ) የብረት ጥሩር ሲሠሩ ሉቅማን አጠገባቸው ተቀምጦ ያያል። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሊጠይቅ ፈለገ፣ ሂክማው ግን ያዘው። ሥራው ሲያልቅ ዳውድ ጥሩሩን ለበሱትና ለጦርነት እንዴት እንደሚመች ተናገሩ። ሳይጠይቅ መልሱን አገኘ። (እኛ ብንሆን ገና ቀለበቱ ሳይገጠም ኮሜንት እንጽፍ ነበር።)

አብዛኞቹ ዑለማኦች ሉቅማን ነብይ ሳይሆን ሷሊሕ ባሪያ ነበር ይላሉ፤ ነብይ ነው የሚለው ቃል ከዒክሪማ ተወርቷል። ቀታዳ በዘገቡት መሠረት ከነብይነትና ከሂክማ እንዲመርጥ ተደርጎ፣ የነብይነትን ሸክም እንዳያቅተው ፈርቶ ሂክማን መረጠ። 31ኛው ሱራ በስሙ ተሰይሟል፤ ከ12ኛው እስከ 19ኛው አንቀጽ ስለ እሱና ለልጁ ስለሰጠው ምክር እናነባለን። በአላህ እንዳያጋራ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ሥራ እንኳ በዐለት ውስጥ ብትሆን አላህ እንደሚያመጣት፣ ሶላት እንዲሰግድ፣ በሰው ላይ ጉንጩን እንዳያዞር፣ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ መከረው።

ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ጥቁር ሰው ሊጠይቃቸው ወደ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ መጣ። ሰዒድ በጥቁርነቱ እንዳያዝን ነገሩት፤ ከሰዎች ሁሉ ምርጥ ከሆኑት ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ ብለውም ስማቸውን ቆጠሩለት። ቢላል፣ የዑመር ነፃ የወጣው ሚህጀዕ፣ እና ሉቅማን።