ለአንድ ክፍል ብቻ የመጣው እንግዳ፦ ዊሊያም ማርሻል

ዛሬ ከካማሺ ራቅ ብለን ስለ አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ እናወራለን። ዊሊያም ማርሻል ይባላል። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር፣ ድምፁ ደግሞ ወፍራም፤ ገና አፉን ሲከፍት ቤቱ ጸጥ ይላል። ካረፈ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኤአይ ሥራችንን ሊወስድብን ነው እያልን በምንከራከርበት በዚህ ሰሞን ግን እሱ የሠራት አንዲት ክፍል እንደገና ትዝ ብላናለች። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። ተከታታይ ድራማ በየሳምንቱ የምናያቸው ቋሚ ተዋንያን አሉት። እንግዳ ተዋናይ የሚባለው ግን ለአንድ ክፍል ብቻ ይመጣል፣ ታሪኩን ያምሰዋል፣ ይሄዳል። በሳምንቱ ስሙን የሚያነሳው የለም። በሳይንስ ፊክሽን ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግዳው ወይ ክፉው ነው ወይ ሟቹ። ማርሻልም በታዋቂው ስታር ትሬክ ላይ ያገኘው አንድ ክፍል፣ 50 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

የተወለደው ነሐሴ 1924 ኢንዲያና ውስጥ፣ ጌሪ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። አባቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የገባው ሥዕል ሊማር ነበር፤ ልቡ ግን ወደ መድረክ አደላ። በ1944 ብሮድዌይ ላይ ወጣ። በ1950 ፒተር ፓን ሲቀርብ የካፒቴን ሁክን ገጸ ባሕርይ ለሚጫወተው ለቦሪስ ካርሎፍ ተጠባባቂ ሆነ። ካርሎፍ ነጭ ነው፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ለነጭ ተዋናይ ተጠባባቂ መሆኑ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዓመቱ ደግሞ ዘ ግሪን ፓስቸርስ በሚባለው ቲያትር እግዚአብሔርን ሆኖ ተጫወተ። በዚያ ድምፅ ማን ይከራከረዋል?

በ1952 ሊዲያ ቤይሊ በተባለው ፊልም የሄይቲ ባሮች አብዮት ውስጥ ያለ ጀግና ሆኖ ሆሊውድ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሃርለም ዲቴክቲቭ በሚባል የቴሌቪዥን ተከታታይ ላይ መርማሪ ፖሊስ ሆነ። እዚህ ጋ ቋሚ ተዋናይ ነበር፣ እንግዳ አልነበረም። ግን ብዙም አልቆየም። ዘመኑ አሜሪካ ኮሚኒስት የምታድንበት ዘመን ነው። የአንድ ፀረ ኮሚኒስት ጋዜጣ ስሙን አነሳ፣ ድራማው ተሰረዘ። እኛ ፍረጃ የምንለው ነገር ማለት ነው፤ ክስ የለ፣ ፍርድ የለ፣ ስምህ ተነሳ በቃ።

ማርሻል ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ሥራ ባገኘበት ሁሉ ሠራ። አውሮፓም ተሻግሮ ሠርቷል። በተለይ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር ኦቴሎ የማርሻል ቤቱ ነበር ማለት ይቻላል፤ በሕይወቱ ደጋግሞ ተጫውቶታል። በ1962 ደብሊን ላይ ሲያቀርበው አንድ የለንደን ትልቅ ሃያሲ በዘመናችን ካየነው ኦቴሎ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው የሚል ምስክርነት ሰጥቶለታል። እንዲህ የተባለለት ሰው አሜሪካ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ የሚሰጠው ምንድን ነው? የአንድ ቀን እንግድነት። በ1964 ቦናንዛ ላይ የኦፔራ ዘፋኝ፣ በዚያው ዓመት ዘ ማን ፍሮም አንክል በሚባለው የስለላ ድራማ ላይ የአፍሪካ መሪ። መጣ፣ ሄደ።

ከዚያ ማርች 8 ቀን 1968 መጣ። በእኛ የካቲት 29 ቀን 1960። የስታር ትሬክ ሁለተኛ ምዕራፍ 24ኛ ክፍል፣ ዘ አልቲሜት ኮምፒውተር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዶክተር ሪቻርድ ዴይስትሮም የሚባል ሳይንቲስት አለ። በዚያ ልብ ወለድ ዓለም መርከቦቹ ሁሉ የሚሠሩበትን የኮምፒውተር ሥርዓት የፈለሰፈው እሱ ነው፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ኖቤል ወስዷል። አሁን ደግሞ ኤም 5 የሚባል አዲስ ማሽን ይዞ ይመጣል፤ የጠፈር መርከቧን ያለ ሰው የሚነዳ። ከ430 ሠራተኞች 20 ብቻ ቀርተው ሌላው ይወርዳል። ካፒቴን ከርክም ሥራ ፈት ይሆናል። የአይሱዙ ሹፌርን ከመሪው አንስታችሁ ረዳት ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ የካፒቴኑ ፊት ልክ እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ከሰው ይበልጣል። በልምምድ ጦርነት ላይ ግን ልምምድና እውነት ይምታታበትና የራሱን ወገን መርከቦች ከምር ይመታል፣ ብዙ ሰው ይገድላል። ሊያጠፉት ሲሉ ራሱን ይከላከላል። ለምን? ዴይስትሮም የገዛ አእምሮውን ቅጂ ነው ማሽኑ ውስጥ ያስገባው። ፍርሃቱም፣ ቁጣውም፣ በልጅነቴ የሠራሁትን ዳግም ልሠራ አልቻልኩም የሚለው ቁጭቱም አብሮ ገብቷል።

ይሄን በ1968 ነው የጻፉት! ዛሬ ስልካችን ላይ ያሉት የኤአይ መተግበሪያዎች ሰው ከጻፈው ነገር ስለተማሩ የሰውን አድልዎ ይዘው ይመጣሉ ሲባል ስንሰማ፣ እኛ ዴይስትሮም ነው ትዝ የሚለን።

የማርሻልን ችሎታ ግን ታሪኩን በመተረክ አናስረዳችሁም። ሲገባ ኩሩ ነው፣ ቁጥብ ነው። ከካፒቴኑ በላይ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል፤ ሁሉም ዶክተር ብለው ነው የሚጠሩት። ማሽኑ ሲያጠፋ ሰበብ ይደረድርለታል፣ ልጁ ጎረቤት መትቶበት እንደሚሟገት አባት። በኋላ ማሽኑን ሊያግባባ ቀርቦ ያናግረዋል። ጨዋ ሆኖ ይጀምርና ስለ ማሽኑ እያወራ ሳለ ወደ ራሱ ታሪክ ይንሸራተታል፤ የተሳለቁበትን ሰዎች ማንሳት ይጀምራል፤ ድምፁ ከፍ፣ ከፍ ይልና ይሰበራል። ስፖክ አንገቱን ይዞ ነው የሚያስተኛው። አበዛው፣ የቲያትር መድረክ አስመሰለው የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። ሀያ ዓመት ትልቅ ችሎታ ይዞ ትንሽ ቦታ ሲሰጠው የኖረ ሰው፣ የዴይስትሮምን ቁጭት ከየት እንዳመጣው አይጠፋንም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ዴይስትሮም ቆዳ ቀለም አንድም ቃል አይነሳም። በዚያ ዓለም የኮምፒውተር ሊቅ የሚባለው ሰው ጥቁር ነው፣ አለቀ። ይህ በተላለፈ በ27ኛው ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ። ወደ ራሳችን እንምጣና፣ በአማርኛ ፊልም ውስጥ የጉሙዝ ወይም የበርታ ልጅ ኢንጂነር ወይም ሳይንቲስት ሆኖ ሲቀርብ ስንቴ አይታችኋል? እኛ አንድም ትዝ አይለንም።

ብዙ ሰው ማርሻልን የሚያውቀው ግን በ1972 በሠራው ብላኩላ ነው። ርካሽ የሚባል የደም መጣጭ ፊልም ነበር፤ ድርሰቱ ላይ የባለታሪኩ ስም ተራ የአሜሪካ ስም፣ አንድሩ ብራውን ነበር። ማርሻል አይሆንም አለ። ባለታሪኩ ማሙዋልዴ የሚባል የአፍሪካ ልዑል እንዲሆን አስደረገ፤ በ1780 የባሪያ ንግድን ለማስቆም እርዳታ ፍለጋ ድራኩላ ጋ ይሄዳል፣ ድራኩላ ግን ይስቅበትና ነክሶ ይረግመዋል። በዚህ ምድር የባሪያ ፈንጋይ ምን እንዳደረገ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም፤ የጉሙዝና የበርታ ታሪክ ውስጥ አለ። ለማስፈራሪያ ብቻ በተሠራ ፊልም ውስጥ ይህን ማስገባት ተዋናዩ ራሱ ታግሎ ያመጣው ነው። ሁለተኛው ክፍል በ1973 ወጣ። (በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ነው የእኛው ደበበ እሸቱ ሻፍት ኢን አፍሪካ ላይ የታየው።)

ከዚያ በኋላ ያለውን እናሳጥረው። ተዋናይነትን አስተምሯል፤ ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪ የሆነውን ፍሬድሪክ ዳግላስን ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ ተጫውቷል። ኦቴሎንም በ1981 ለቪዲዮ ቀርጾታል። የሰማንያዎቹ የአሜሪካ ልጆች ደግሞ በፒዊ ሄርማን የሕፃናት ፕሮግራም ላይ የካርቱን ንጉሥ ሆኖ ዘውድ ጭኖ ሲመጣ ነው የሚያስታውሱት። በመጨረሻ የማስታወስ ችሎታን የሚሰርቀው አልዛይመር ያዘው፣ የስኳር በሽታም ነበረበት፤ ጁን 11 ቀን 2003 (ሰኔ 4 ቀን 1995) ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ78 ዓመቱ አረፈ።

ስታር ትሬክ ላይ ግን ሄዶ አልሄደም። በኋላ የመጡት ተከታታዮች የዓለማቸውን ትልቁን የምርምር ተቋም በዴይስትሮም ስም ሰየሙት፤ በ2020 በጀመረው ፒካርድ ላይ እንኳ ሰው መሰል ማሽኖች የሚጠኑት እዚያ ነው። በስሙ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሳይንቲስቶች ስለ ራሱ ብዙም አያወሩም። ክፍሉን ማየት የምትፈልጉ፣ ኔትወርኩ ደህና የሆነ ቀን ዘ አልቲሜት ኮምፒውተር ብላችሁ ፈልጉት። ያያችሁ ደግሞ ንገሩን፤ ዴይስትሮም ያሳዝናል ወይስ ያስፈራል? እዚህ እኛ መሃል ገና አልተስማማንበትም።